ንፋስ እንዳይነፍስ የተሳልኩት ጃንጥላ

ኅዳር 4 ቀን 1978፣ ረቡዕ

የበግ እርባታ ጣቢያችን ኃላፊ ጓድ ወልደተንሣኤ ዛሬ ሁለት ደብተር ሰጡኝ። አንዱ የየዕለቱን ምርት የምመዘግብበት ነው፤ ሁለተኛው አንደኛው ሲሞላ የምቀጥልበት። እኛ በምናወጣው ምርት አንደኛው ልጆቼ እስኪዳሩ ስለማይሞላ ሁለተኛውን ለራሴ አደረግሁት። ስርቆት አይደለም። የመንግሥት ንብረት የሕዝብ ነው ይባላል፤ እኔም ሕዝብ ነኝ።

እኔ ወልደአረጋይ፣ ከመዘዞ በታች ጥቁር አፋፍ ላይ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ካቦ ነኝ። አሥራ ሁለት ሰዎች አሉኝ። እነሱ ይቆፍራሉ፣ እኔ እቆጣለሁ። ወገቤን ስለሚያመኝ ጉድጓድ ከወረድኩ ቆይቻለሁ፤ ከላይ ሆኖ መቆጣት ግን ቀላል ሥራ አይደለም። ከሰላችን ሲነድ ይጨሳል፣ ሲጨስ ያስነጥሳል፣ ቢሆንም ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ሞተር ያስነሳል። ሞተሩ ከወንዙ ውኃ እየሳበ ለጣቢያው ገንዳ ይሰጣል። በጎቹ ይጠጣሉ፣ እኛም በዚያ ሰበብ እንበላለን። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖርን።

ዛሬ ግን ከባድ መኪና መጣ። ብረት በብረት ተጭኗል። አብሮት ከአዲስ አበባ የመጣው ወጣት ኢንጂነር ዘርአ ዳዊት ይባላል። ብረቱ ኮረብታው ላይ ተተክሎ ንፋስ ሲያዞረው ውኃውን ራሱ ይስባል አለን።

«ከሰልስ?» አለው ዓብዱ። ዓብዱ የአልዩ አምባ ሰው ነው፤ ከቆፋሪዎቼ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፣ በሥራም በምላስም።

«ከሰል አያስፈልግም።»

«እኛስ?»

ኢንጂነሩ ደግ ልጅ ነው፣ ፊቱ ያስታውቃል። ትንሽ አሰበና «እናንተ ታርፋላችሁ» አለ።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ስብሰባ። በሰንበት! ጓድ ወልደተንሣኤ ሁለት ሰዓት ተናገሩ። «ንፋስ ደመወዝ አይጠይቅም። ንፋስ የዓመት ዕረፍት አይወጣም። ንፋስ ለቅሶ አለብኝ ብሎ ከሥራ አይቀርም» ሲሉ እኔን አዩኝ። ባለፈው ዓመት ሰባት ጊዜ ለቅሶ ሄጃለሁ፤ ሰው ሲሞት ምን ላድርግ?

ዓብዱ እጁን አወጣ። «ጓድ፣ ንፋሱ ጠዋት ሲገባ የሚያስፈርመው ማነው?» ሰው ሁሉ መሳቅ ጀመረና የጓድን ፊት አይቶ ወደ ሳል ለወጠው።

የተወሰነው እንዲህ ነው። ከታኅሣሥ 1 ጀምሮ ሞተሩ ይቆማል፤ ንፋሱ ብቻውን ይሞከራል። እስከ ታኅሣሥ 24 ማታ ውኃው ገንዳው ውስጥ ከተሰመረው ቀይ መስመር ከደረሰ ጉድጓዱ ይዘጋል። ካልደረሰ ብረቱ ተነቅሎ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ይሄዳል። ጉድጓዱ የተዘጋበት ሰው የሠራተኛ መታወቂያውን ይመልሳል። መታወቂያ የሌለው ሰው ደግሞ ሰፈራ ሲባል መጀመሪያ የሚታወስ ሰው ነው። እኔ ስድስት ልጆች አሉኝ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ፣ የሚካኤል ዕለት

ተሳልኩ። በታኅሣሥ ንፋስ ካልነፈሰ ለሚካኤል ባለ ወርቅ ዘርፍ ጃንጥላ አገባለሁ። ለባለቤቴ ለወለተሐና አልነገርኳትም። ብነግራት «ቤታችን በአራት በኩል እያፈሰሰ ጃንጥላ የምትገዛው ለማን ነው?» ትለኛለች። ከነገሩ ጦም እደሩ።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ብረቱ ቆመ። አሥራ ስምንት ክንፍ አለው። ንፋሱ ቤት ሊነቅል ምንም አልቀረው። ክንፉ በገመድ ስለታሰረ እንጂ ዛሬውኑ ወንዙን ያደርቀው ነበር።

ጉድጓዱ አፍ ላይ አዋጅ አወጣሁ፦ ማፏጨት ክልክል ነው። አውድማ ላይ ሰው የሚያፏጨው ንፋስ ለመጥራት መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቃል። ዓብዱ ደግሞ እስትንፋሱ ሁሉ ፉጨት ነው።

«ካቦ፣ ሳላፏጭ አልቆፍርም፤ እጄ አይታዘዘኝም» አለኝ።

«ዝፈን!»

ዘፈነ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁሉም «ኧረ ያፏጭ» ብለው ለመኑኝ።

የወጣው ከሰል ዛሬም ትንሽ ነው፤ ግማሹ ድንጋይ። ስቆጣ ዓብዱ «ከሰሉ አኩርፏል፣ ንፋስ ሲመጣበት ሰምቶ» አለኝ። ሌሎቹ መሬት መሬት አዩ። አፍረው ነው መሰለኝ። ጥሩ ተቆጥቻለሁ ማለት ነው።

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

ቆመ! ንፋሱ ቆመ! ገመዱ ሲፈታ ክንፉ ንቅንቅ አላለም። ኢንጂነሩ ጣቱን በምራቁ አርሶ ወደ ሰማይ ቀስሮ ረጅም ጊዜ ቆየ። ጓድ «ነገ ይመጣል» አሉ፣ ንፋሱን ስብሰባ የጠሩት ይመስል።

ሚካኤል ሆይ፣ ዘርፉን ወፍራም አደርገዋለሁ።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ያላሰብነው ነገር። ሞተሩ ቆሟል፣ ንፋሱ ቆሟል፣ በጎቹ ግን መጠጣት አላቆሙም። ጓድ «ሥራ ፈት ቆፋሪ አለ አይደል?» አሉ። አሥራ ሁለቱ በጀሪካን ከወንዝ እየተሸከሙ ገንዳው አጠገብ ያሉትን በርሜሎች ሲሞሉ ዋሉ። ወንዙ ገደል ሥር ነው። እኔ ከላይ ሆኜ አበረታታኋቸው።

ዓብዱ በስድስተኛው ምልልስ አጠገቤ ቁጭ አለ። «ወላሂ ካቦ፣ ይህን ያህል በግ እንዳለን አላውቅም ነበር» አለኝ።

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

ዛሬ አማቴ ቄስ ወልደ ሰንበት መጡ። በትራቸውን ደጃፉ ላይ አስደግፈው ሳይቀመጡ «ንፋሱ ወዴት ሄደ?» አሉኝ። እኔን!

ገብሳቸው ተበራይቶ አውድማው ላይ ተከምሯል። በመንሽ ወደ ላይ ሲበትኑት ፍሬውም ገለባውም ተቃቅፈው ተመልሰው ይወርዳሉ። የሰፈሩ አውድማ ሁሉ እንዲሁ ነው። እኔ የተሳልኩት ለብረቱ ነበር፤ ገብሱ ከነጭራሹ ትዝ አላለኝም። የገበሬ ልጅ ሆኜ!

«አንዱ ንፋሱን አስሮታል» አሉ አባ። «እግዜር ይፍታው» አልኩ። ወለተሐና ትክ ብላ አየችኝ። ላብ ስላሰመጠኝ ነው እንጂ ሌላ ምን አውቃ።

ታኅሣሥ 10

ለሰፈሩ ንፋሱን የበላው ብረቱ ሆኗል። «አሥራ ስምንት ምላስ አለው፣ ከነጋ ጀምሮ ይልሰዋል» ይላሉ። አንዳንዶቹ መጥረቢያ ስለዋል። ኢንጂነሩ ከክፍሉ አልወጣ አለ። ዝም ብል ብረቱን ጥለውልኝ እገላገል ነበር። ነገር ግን ልጁን ቢጥሉትስ? ሄጄ «ብረት ንፋስ አይበላም፤ ጥርሱ የታለ?» ብዬ መለስኳቸው። ጀግና ሆንኩ። ኢንጂነሩ እጄን ይዞ አልለቅ አለ። በጣም አፈርኩ።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

ወርኃዊው ሚካኤል። ስለቴን ትንሽ ላስተካክል ሄጄ ነበር። ጃንጥላው እንዳለ ሆኖ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባሉት አውድማዎች ላይ ብቻ እንዲነፍስ፣ ኮረብታው ላይ እንዳይወጣ ለመንኩ። ወሰኑንም ነገርኩት፦ ከትልቁ ወይራ ወዲህ። መልአክ ነው፣ ይገባዋል።

አልነፈሰም። ወይ አልገባውም፣ ወይ በጣም ገብቶታል።

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

ኢንጂነሩ ለብቻዬ ጠራኝ። «ጋሼ ወልደአረጋይ፣ በመጥረቢያው ቀን ያደረጉልኝን አልረሳም» አለ። ሙከራው ከተሳካ አንድ ሰው ይቀራል፤ ብረቱን የሚጠብቅ፣ ግራሶ የሚቀባ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል። መታወቂያው ይቀጥላል። ካፖርትም ይሰጠዋል።

አሥራ ሁለት ሰው እያለኝ እንዴት ብዬ? እንቢ ልለው ነበር። «ላስብበት» አልኩት፤ ለአክብሮት ነው። የካፖርቱን ቁልፍ ብዛት የጠየቅሁት ለወሬ ያህል ነው። ስድስት ነው።

ታኅሣሥ 14፣ ሰኞ

በኢንጂነሩ ክፍል በኩል እግረ መንገዴን አለፍኩ። ክፍሉ ከመንገዴ በተቃራኒ ነው፤ ነገር ግን ወገቤ በእግር ጉዞ ደስ ይለዋል። ስድስት ልጆች እንዳሉኝ ነገርኩት። ካፖርቱ ረጅም ቢሆን ጥሩ ነው አልኩት፣ ለማንም ቢሆን።

ስመለስ አሥራ ሁለቱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተሰብስበው ያወራሉ። ሲያዩኝ ዝም አሉ። ያሙኝ ነበር። ልቤ ቅር አለው። ሰው ካቦውን በሌለበት ያማል?

ታኅሣሥ 16፣ ረቡዕ

ሰፈሩ ሁሉ ምህላ ገባ። አማቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ንፋስ ስጠን እያልኩ ከሁሉ በላይ ጮህኩ። ወለተሐና «ድምፅህ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር» አለችኝ።

ዓብዱ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ሳቁን መያዝ አቅቶታል። «ካቦ፣ ልናዘዝልህ። እኔ ለአገሬ ሼኽ ፍየል ተስያለሁ፣ ንፋሱ እንዲቆም። ልጆቹም ሁሉ በየፊናቸው ተስለዋል። አሥራ ሁለት ሰው ነው ያሰረው! አንተስ?»

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላደርግም» አልኩት።

ለምን እንደዋሸሁት አላውቅም። እሱ እኮ የሚናዘዝልኝ ወንድሜ ሆኖ ነው። ስለ ካፖርቱም ልነግረው አፌን ከፍቼ «የአልዩ አምባ ገበያ እንዴት ነው?» ብዬ ዘጋሁት።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ፣ ገብርኤል

ለገብርኤል ምንጣፍ ተሳልኩ፣ ንፋሱ እንዲነፍስ። ለገብሱ ነው። ለአማቴ ገብስ ብቻ! ሚካኤል እንዳይቀየም ጃንጥላውን አልሰረዝኩም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል፤ እኔ አንዱ ላይ ወጥቼ ሌላውን ተደገፍኩ እንጂ ሁለት አልወጣሁም።

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስንወጣ ነጠላዬን ከትከሻዬ ገፎ አጥሩ ላይ ወረወረው። ንፋስ!

ታኅሣሥ 21፣ ሰኞ

አውድማ ዋልን። ሰው ሁሉ ያፏጫል፣ ሽማግሌው በሌለ ጥርሱ ያፏጫል። አሥራ ሁለቱም መጥተው አገዙ፤ ዓብዱ ሲያፏጭ ገለባው እየተንከባለለ እስከ መንገዱ ሄደ። ገብሱ ንጥር ብሎ እግራችን ሥር ወረደ። አባ አለቀሱ። እኔም ዓይኔ ውስጥ ገለባ ገባ፣ ሁለቱም ውስጥ።

በዚህ መሐል ጓድ ወልደተንሣኤ ከነጫማቸው አውድማው ላይ ወጥተው «አለቀ? ስንት ኩንታል ሆነ?» አይሉ መሰላችሁ! በአውድማ ላይ አለቀ አይባልም፣ አይቆጠርም፤ በረከት ይሸሻል። አባ መንሻቸውን ይዘው ተነሡ። ጓድ ሲሮጡ ሳይ ንፋሱ በበቂ ሁኔታ ከኋላቸው ይገፋቸው ነበር።

ኮረብታው ላይ ብረቱ ይዞራል። ሳልፈልግ አየሁት። ያምራል። ያለ ጭስ፣ ያለ ቁጣ ይዞራል።

ታኅሣሥ 23፣ ረቡዕ

ሦስት ቀን ሙሉ ነፈሰ። አሁን ማምሻውን ደከመ። ውኃው ከቀይ መስመሩ አንድ ጣት ይጎድላል። ነገ የመጨረሻ ቀን ነው። ክንፉ ቆሟል።

አንድ ጣት! ደስ ሊለኝ ይገባል። አሥራ ሁለት ሰው ሥራው ላይ ይቀራል፣ እኔም እቀራለሁ፣ ሁሉም እንደነበረ ይሆናል። ደስ ብሎኛል። ወለተሐና «ምን ሆነህ ነው በጾም ቀን ሰው የሚበላ ፊት ያወጣኸው?» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ነው አልኳት።

ግን ኢንጂነሩ እንዴት ያዝናል! ስንት ወር የለፋበት ነው። የሚያሳዝነኝ እሱ ነው።

ታኅሣሥ 24፣ ሐሙስ፣ ተክለ ሃይማኖት

ዛሬ ጠዋት ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ የጣቢያው ዘበኛ ሳይቀር። እኔ እግሬን ልታጠብ ወደ ገንዳው ሄድኩ። በርሜሎቹ ከነውኃቸው እዚያው ናቸው፤ ጀሪካንም ነበር። እግር ሲታጠቡ ውኃ ወደ ገንዳ ሊፈስ ይችላል።

አንድ ጣት ስንት ጀሪካን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አሥራ ዘጠኝ ነው።

ወገቤ ተቆርጧል። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ታኅሣሥ 25፣ ዓርብ

ተለካ። ውኃው ቀዩን መስመር ነክቷል። ጓድ «ንፋሱ ታሪክ ሠራ!» አሉ። ኢንጂነሩ ገንዳውንም ሰማዩንም ደጋግሞ አየ፤ ከዚያ እኔ ወገቤን ይዤ የቆምኩበትን አየና ውጤቱን ጻፈ።

ጥቁር አፋፍ ተዘጋ። አምስቱ በግ ጠባቂ ሆነው ጣቢያው ውስጥ ይቀራሉ። ሌሎቹ ወደየገበሬ ማኅበራቸው፤ ዓብዱ ወደ አልዩ አምባ። መታወቂያቸውን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ ድምፁ ይሰማ ነበር። ዓብዱ የራሱን ሲያስቀምጥ ፎቶውን አይቶ «ያኔ መልከ መልካም ነበርኩ» አለ።

ከዚያ ኢንጂነሩ አንድ ወረቀት አወጣ። «ለብረቱ ጥበቃ በሠራተኞች ምርጫ የቀረበው…» ብሎ ስሜን አነበበ።

በሠራተኞች ምርጫ! ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። አሥራ ሁለት ፊርማና አውራ ጣት አለበት። ካቦአችን ስድስት ልጆች ስላሉት፣ ወገቡም ስለማይሠራ፣ እሱ ይቅር ይላል። የተጻፈው ታኅሣሥ 14 ነው። ቀኑን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ካፖርቱን ለማስረዘም ኢንጂነሩ ደጃፍ በቆምኩበት ቀን ነው። አሥራ ሁለቱ ሲያዩኝ ዝም ያሉበት ቀን።

ታኅሣሥ 26፣ ቅዳሜ

ዛሬ ዓብዱን ልሸኘው ገደሉ አፋፍ ድረስ ሄድኩ። እንዲህ ያለ ነገር ይዞ መኖር አይቻልም። ነገርኩት። ጃንጥላውን፣ ምንጣፉን፣ ካፖርቱን፣ ጀሪካኑን፣ ሁሉንም። እያየሁት መናገር አቅቶኝ ለአህያው ነገርኩት።

ዓብዱ ጭነቱን ማጥበቅ አላቆመም። «አሥራ ዘጠኝ» አለ።

«ምን?»

«አሥራ ዘጠኝ ጀሪካን። ቆጥሬያለሁ። ካቦ፣ እኔ እኮ ተክለ ሃይማኖትን አልስምም።»

ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው ስል እሱን ረስቼው ነበር። ዘጠኝ ዓመት አብሮኝ የኖረውን ሰው!

«ለምን አልጮህክም? ለምን አላስቆምከኝም?»

«ሸክም ስትሸከም አይቼህ አላውቅማ። አሥራ አንደኛው ላይ ልረዳህ ተነሥቼ ነበር፤ ከዚያ ይማርበት ብዬ ተቀመጥኩ።» ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወው። «ከሰሉ ያለቀው ኅዳር ላይ ነው ካቦ። ከጽዮን በፊት። ሥሩ ድንጋይ ብቻ ነበር፤ የድሮውን ክምር እየጫርን ነው ስናወጣልህ የከረምነው። ብንነግርህ መዝገብህ ላይ መጻፍ ይኖርብሃል፤ ብትጽፈው ያኔውኑ ይዘጉብናል። ብረቱ ባይመጣም በጥር ሁላችንም ቤታችን ነበርን።»

ዘጠኝ ዓመት ካቦ ነኝ። ወርጄ ባየው ኖሮ በአንድ ቀን አውቀው ነበር።

«ቦታውን ለመስረቅ ኢንጂነሩ ዘንድ መሄዴንስ ታውቁ ነበር?» አልኩት።

«የዚያኑ ዕለት አወቅን። አንድ ሰው እንደሚቀር ሰምተን ወረቀቱን ልንሰጠው ስንሄድ ኢንጂነሩ ነገረን። ልጆቹ ተቆጡ፣ እንቅደደው አሉ። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት።»

«ለምን ዓብዱ?»

አህያውን መታ አድርጎ ወደ ቁልቁለቱ አስገባው። ሁለት ሦስት እርምጃ ከሄደ በኋላ ዞሮ ነው የመለሰልኝ።

«ባንመርጥህም ትወስደው ነበር። ያኔ ሥራውንም አንተንም እናጣለን። አሁን ያጣነው ሥራውን ብቻ ነው።»

ይህን ብሎ እያፏጨ ወረደ። እኔ አፋፉ ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ ዛሬ ንፋስም ገለባም አልነበረም።